ከማደንዘዣ ሲነቁ መወራጨት

ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከማደንዘዣ የሚነቃ ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ የት እንዳለ ሳያውቅ ይጮኻል፣ ይወራጫል፣ ክንዱ ላይ የተተከለለትን ግሉኮስ ለመንቀል ይታገላል፤ ሁኔታው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ቢያልፍም፣ ቁስሉን እንደገና ሊያደማ ይችላል። ከመንስኤዎቹ ጎልቶ የሚታየው፣ ደም እንዲቆም አፍንጫው በጎዝ ስለሚጠቀጠቅ፣ ገና በቅጡ ያልነቃው ሰው እንደ ልማዱ በአፍንጫው ሊተነፍስ ሲሞክር የታፈነ መስሎ የሚሰማው መሆኑ ነው። ሕፃናት ደግሞ፣ በተለይ ሴቮፍሉሬን በተባለው በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ ሲተኙ፣ ከአዋቂዎች ይበልጥ ይወራጫሉ፤ በስድስት ኪሎው የካቲት 12 ሆስፒታል እንደሚሰጠው ላለ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና የሚቀርቡት ብዙዎቹ ሕፃናት በመሆናቸው፣ ጉዳዩ እነርሱንም ይመለከታል።

መከላከያው ሕመምተኛው ሳይነቃ ማስታገሻ መስጠትን፣ እንደ ዴክስሜዴቶሚዲን ያሉ የሚያረጋጉ መድኃኒቶችንም ይጨምራል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ኬታሚን በሙሉ መጠን ሲሰጥ ራሱ የሚያቃዥ ቢሆንም፣ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ላይ በጥቂቱ ሲሰጥ መወራጨቱን ሊቀንስ መቻሉ የሚያስገርም ነው። ምንም ወጪ የማይጠይቀው ግን ማስረዳት ነው፦ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አፍንጫው ይታሸግ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሚታሸግ ከሆነም አፍንጫውን በጣቶቹ ይዞ በአፉ መተንፈስን ከዋዜማው ጀምሮ ይለማመድ።