ቆሻሻ የማይበግረው ቁጥር

ካርቱም ውስጥ ዓባይ ዳር ያለችው ጀሪፍ እስከ 2023ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ድረስ ሐበሻ የሚበዛባት ሰፈር ብቻ አልነበረችም፤ የጡብ ሠሪዎችም ነበረች። ወንዙ ከኢትዮጵያ ደጋ አጥቦ ያወረደው ደለል እዚያ ጡብ ይሆን ነበር። ከዚያ ጭቃ ድብልብል ይዞ ሳይቀድዱና ሳይበሱ ጡብም፣ ሳህንም፣ ጆሮ የሌለው ሲኒም ማውጣት ይቻላል። ጆሮ ያለው ኩባያ ግን ቀዳዳ ይፈልጋል። ቶፖሎጂ ለተባለው የሒሳብ ዘርፍ ጡብና ሲኒ አንድ ናቸው፤ ኩባያው ሌላ ነው። የሚለያቸው የቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ቀዳዳ ደግሞ የለም።

ጠጣርን ከፈሳሽ የምንለየው በአተሞቹ አደራደር ነው። አደራደራቸው አንድ ሆኖ እንዲህ ባለ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ቁሶችም አሉ። ፍንጩ የተገኘው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመናዊው ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በፈረንሳይ ግሬኖብል፣ እጅግ የቀዘቀዘ የሲሊከን ትራንዚስተር ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ አስገብቶ ይለካ ነበር። ከኤሌክትሪኩ ፍሰት አግድም የሚለካው ተቃውሞ ቀስ በቀስ በመለወጥ ፈንታ እርከን በእርከን ዘለለ። እርከኖቹ 25,812.807 ኦም ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እየተካፈለ የሚገኙ ነበሩ። የናሙናው ቅርጽም ሆነ በውስጡ ያለው ቆሻሻ ቁጥሩን አላዛባውም።

ምክንያቱን በ1982 ዴቪድ ታውለስና ሦስት ባልደረቦቹ አስረዱ፤ ያ አካፋይ የኤሌክትሮኖቹ ሞገዶች በአንድነት የያዙት የቶፖሎጂ ቁጥር ነው። የቁሱ መሐል ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ኤሌክትሮኖቹ በጠርዙ ብቻ፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ። እንከን ቢገጥማቸው ዞረውት ያልፋሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። ቁጥሩ የሚለወጠው መሐሉ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ሲጀምር ነው፤ ጭቃውን እንደ መብሳት ያለው እሱ ነው።

በ1988 ዳንከን ሃልደን የውጭ ማግኔት ሳያስፈልግ ይኸው ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳየ፤ ቻይናውያን ተመራማሪዎች በ2013 በሙከራ አገኙት። በ2007 ደግሞ በጀርመን ቩርዝቡርግ፣ ከሜርኩሪና ከቴሉሪየም በተሠራ ስስ ንጣፍ የጠርዝ ፍሰት ያለ ማግኔት ተለካ። ታውለስና ሃልደን ከሌላ ፊዚሲስት፣ ከማይክል ኮስተርሊትስ ጋር የ2016ን የፊዚክስ ኖቤል ተጋሩ።

ነገሩ ከወረቀት አልፏል። የአገራት የልኬት ተቋማት ዛሬ የኦምን መለኪያ የሚያስተካክሉት፣ ፎን ክሊትሲንግ ባየው በዚያው እርከን ነው።