መንትዮቹን ማን ይለያቸዋል?

እንጦጦ ማርያም በምትገኝበት የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት መንትያ ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። እንደሚታወቀው በዘመናዊ ምርምር ቴሌስኮፕ የሰበሰበውን ብርሃን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ካሜራ ሲሆን፣ ቁጥሩን የሚረከበው ኮምፒውተር ነው። እስቲ እናስብ፤ ለመንትያ ቴሌስኮፖች የተገጠሙ ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራዎች በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ቢያያዙ፣ የትኛው ካሜራ የየትኛው ቴሌስኮፕ እንደሆነ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል?

መልሱ የሚጀምረው ከሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም ከከርነሉ ነው። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚል ሁሉ፣ በዩኤስቢ 2.0 ደንብ መሠረት መሣሪያው ሲሰካ በአንደኛው የመረጃ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ከፍ በማድረግ መምጣቱን ያሳውቃል። ከርነሉም ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱን ይሰጠውና ማንነቱን ይጠይቀዋል። መሣሪያው የአምራቹንና የምርቱን ዓይነት የሚገልጹ ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥሮች ይመልሳል። ከርነሉ እነዚህን ድራይቨሮች ካስመዘገቡት ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። በሊኑክስ ተስማሚው ድራይቨር በሞጁልነት ተለይቶ የተቀመጠ ከሆነ፣ ዩዴቭ የተባለው አጋዥ ፕሮግራም የከርነሉን መልእክት ተቀብሎ ያስጭነዋል። ከርነሉ ሲዘጋጅ ድራይቨሩ ጭራሹን ከተተወ ግን መሣሪያው መኖሩ ይታወቃል እንጂ አይሠራም።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ካሜራዎች ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ናቸው። ስለዚህ ስም የሚወጣላቸው በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተገኘው 0፣ ተከታዩ 1 ይባላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀድሞ የነቃው ሌላኛው ከሆነ ስሞቹ ይለዋወጣሉ። ኮምፒውተሩ አንዳች የስሕተት መልእክት አያወጣም፤ ምስሎቹም ጥርት ያሉ ናቸው። ይሁን እንጂ የአንዱ ቴሌስኮፕ ውጤት በሌላው ስም ይመዘገባል፤ ለአንዱ ካሜራ የተዘጋጀው ማረሚያም በሌላው ላይ ስለሚውል የኮከቡ ብርሃን ልኬት ይዛባል።

መፍትሔው በአንድ መስመር የሚጻፍ ደንብ ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ካሜራ የተለየ መለያ ቁጥር ሰጥቶት ከሆነ፣ «ይህ ቁጥር ያለው ስሙ ‹ቀኝ› ይሁን» ተብሎ ለዩዴቭ ይነገረዋል። መለያ ቁጥር መስጠት ግን በዩኤስቢ ደንብ ግዴታ አይደለም። ቁጥሩ ከሌለ ስሙ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ ይመሠረታል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ያዘዋወረ ስሙንም አዘዋውሯል።

በቤተ ሙከራ ሁለት አንድ ዓይነት የብርሃን ዳሳሾችን የምታያይዙ ተማሪዎችም፣ ልኬት ከመጀመራችሁ በፊት አንደኛውን በእጃችሁ ሸፍኑና የየትኛው ንባብ እንደሚወርድ ተመልከቱ።