ዲፕሎማውን ይዞ ወዴት ይሂድ?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ የሐይቅን ከተማ ያገኛሉ። ከዚያም መንገዱ ወደ አምባሰልና ወደ ውጫሌ ያልፋል። እኔ በዚህ አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ።

ባለፈው ሰሞን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከቤቴ መጣ። ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ የተመረቀ ልጅ ነው። ዲፕሎማው እንዳይቆሽሽበት በላስቲክ ጠቅልሎታል። «ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ይዤ ደሴ አራት ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመኪናውን ገንዘብ እናቴ ዶሮ እየሸጠች ነው የሰጠችኝ። አሁን ጓደኞቼ በጅቡቲ አድርገን ዐረብ አገር እንሂድ ይሉኛል፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። እኔም ወዲያው መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ለመፈለግ ነው።

በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣውን ሰው መንግሥት ራሱ በሥራ ላይ ይመድበው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ግን ብዙውን ወጣት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ሙያ ትምህርት መራ። በኋላም ሥልጠናው በደረጃ ተከፋፈለ፤ ሠልጣኙም የብቃት ምዘና እንዲያልፍ ተደረገ። ሥራ መፈለጉ ግን የተመራቂው የራሱ ዕዳ ሆነ።

ዕዳውም የጥቂቶች አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ም 5.4 በመቶ። ከቀሩት ለብዙዎቹ በቅርብ የሚታያቸው በር የሙያ ኮሌጅ ነው።

የእኛ አገር ልጆች ተስፋ ያደረጉት ኮምቦልቻን ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በየቤቱ ደስታ ሆነ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካም ትምህርት ቤትም ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከምትልክበት ከአጎዋ ተሰረዘች። ስለዚህ ልጁ ያንኳኳው በር የጠበበው በእርሱ ስንፍና አይደለም።

የአምባሰል ሰው ስለ ውል ብዙ ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር፤ ፍጻሜውም ዓድዋ ሆነ። የዛሬው ዲፕሎማም እንደዚያ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ይመስለኛል። ኮሌጁ «አሠልጥኜሃለሁ» ሲል፣ ወላጅ «ልጄ ሥራ ይዞአል» ብሎ ያነበዋል። አሠሪው ደግሞ «የሥራ ልምድ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ውሉን አንድ ማድረግ ይገባል። በሕጉ በኩል መንገዱ አለ፤ የትብብር ሥልጠና የሚባለው፣ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቦታ እየሠራ እንዲማር የታሰበ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ልጁ ያለ ልምድ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮሌጅ ተመራቂዎቹ ከዓመት በኋላ የት እንዳሉ መዝግቦ ይያዝ፤ ሥራ ያላስገኘውንም ሙያ በድፍረት ይለውጥ። የወረዳው መሥሪያ ቤትም «ተደራጁ» ከማለቱ ጋር፣ ዋስ የሌለው ልጅ ብድር የሚያገኝበትን ዘዴ ይፈልግ። እኛ መምህራንም ሙያ ቤትን የሰነፍ መጣያ አድርገን ማስፈራራታችንን እንተው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እያልን ሠሪውን የምንንቅ ከሆነ ተረቱ ምን ይጠቅማል?

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩአቸው፣ ከእነርሱም አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ወጥተው ሌላ ቦታ ሌላ ገዳም ተከሉ። በዚህ አገር ትምህርት የሚለካው ደቀ መዝሙሩ ሄዶ በሠራው ሥራ ነበር።

ስለ ልጁ ልንገርዎ። በባሕር ያለቁትን ወጣቶች አስታውሼ ጉዞውን እንዲተው ለመንሁት። ከዚያም በከተማችን በርና መስኮት ከሚበይዱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድሁት። ሽማግሌው ዲፕሎማውን አላዩም፤ የተበላሸውን የብየዳ መኪና አሳዩት። እስከ ማታ ድረስ ፈታትቶ አስነሣው። አሁን በሳምንት ጥቂት ብር ይከፍሉታል። አይበቃውም። የጓደኞቹም ስልክ አላቋረጠም። እናቱ «አብሽር ልጄ» ትለዋለች፤ ዶሮዎቹ ግን አልቀዋል። እስከ መቼ ይታገሣል? ይህን እኔ ብቻዬን አልመልሰውም፤ ውድ አንባቢ፣ በእጅዎ ሥራ ካለ እርስዎም ይጠየቁበታል።