ኤመቅ ሳራ ሄዳችሁ የወለል ንጣፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት የምታድሱ ወገኖቼ፣ ቤርሼባ ውስጥ የወለል ንጣፍ ሲታሰብ ብዙዎቻችን የምንሄደው ኤመቅ ሳራ ወደሚባለው የንግድ አካባቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው የሚያብረቀርቀው ነው። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ አስቀድሙ እላለሁ፦ ወለሉ በምን ይታጠባል? ማንስ ይሄድበታል?

🔹 መንሸራተት፦ እዚህ እስራኤል ወለል የሚታጠበው በስፖንጃ፣ ውሃ ፈስሶበት ነው። ልሙጥና አንጸባራቂ ንጣፍ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከአር 9 እስከ አር 13 ያለውን መለኪያ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር እግር ይበልጥ ይይዛል። ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና ከአር 10 አትውረዱ፤ ዝናብ ለሚያገኘው በረንዳ አር 11 ይሻላል። ሳሎን ውስጥ ግን በጣም ሻካራው የኔጌቭን አቧራ ይይዛል፤ ለስላሳ ሆኖ የማያብረቀርቀው ይበቃል።

🔹 ግራኒት ፖርሴላን ወይስ ተራ ሴራሚክ? ፖርሴላን ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል። ሙቀጫ ለሚወቀጥበት፣ ወጥና በርበሬ ለሚፈስበት ወለል ፖርሴላን ምረጡ። ተራው ሴራሚክ ለግድግዳ ይሁን።

🔹 እብነ በረድ፦ ያምራል፤ ነገር ግን አሲድ ይበላዋል። የሎሚ ጭማቂ ወይም የኮመጠጠ ሊጥ ፈስሶ ከቆየ ወዙን ያጠፋዋል። ለኩሽና አልመክረውም።

🔹 የድሮው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የወለል ባላጣ፦ በቆዩት ሰፈሮች አፓርታማ የገዛችሁ፣ ለማፍረስ አትቸኩሉ። ሲሚንቶና የድንጋይ ፍርፋሪ ስለሆነ፣ ካልተሰነጠቀና ካልተናጋ በማሽን ተፍቆ እንደ አዲስ ይወጣል።

🔹 ስትገዙ፦ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከተለያየ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። በንጣፎቹ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለሮባ (ለመገጣጠሚያ መሙያው) ይተው፤ አጋጥመው የሚደረድሩ ሠራተኞችን እሺ አትበሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ናሙና ለምናችሁ ውሰዱ፤ ቤት ውስጥ ውሃ አፍስሱበትና በጥንቃቄ እርገጡት። እናቶቻችንና አባቶቻችን በምርኩዝ የሚሄዱበት ወለል ነው። አንድ ጊዜ መውደቅ ዳሌ ሊሰብር ይችላል። ገንዘብ ካጠረ ከውበቱ ቀንሱ፣ ከደኅንነቱ ግን አትቀንሱ።