ግራ እግሬን መታኝ

ጎህ ሊቀድ ነው። በደሃና ደጋ ብርዱ ገና አልለቀቀም። አንድ ገበሬ በግ እየነዳ ወደ አምደወርቅ ገበያ ወጣ እንበል። በጉን ሽጦ ጨውና የልጆች ደብተር ሊገዛ ነው። ከአጥሩ በር ሳይርቅ ግራ እግሩን ድንጋይ መታው። «ኧረ በስመ አብ!» አለና ቆመ። ቀና ሲል ደግሞ አንዲት ልጅ ባዶ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ አየ። የገበሬው ልብ ተከፈለ።

ሚስቱ ከደጅ ሆና አየችው።

«ምነው ቆምህ?» አለችው።

«ግራ እግሬን መታኝ። ባዶ እንስራም አየሁ። ዛሬስ ገዴ አላማረም።»

«ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ ልጅ እንስራዋ ባዶ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል? ይልቅ ግባና ጥቂት አረፍ በል። ከዚያ በቀኝ እግርህ ውጣ።»

ገበሬው ገባ። ጥቂት ተቀመጠ። አማተበ። በቀኝ እግሩ ወጥቶ መንገዱን ቀጠለ።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ሰው እንሳቅበት? ወይስ «ደግ አደረገ» እንበለው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ሁላችንም የምናውቃቸው ልማዶች

እንዲህ ያለው ነገር በየቤታችን አለ። ዓይኑ ሲርገበገብ «እንግዳ ሊመጣ ነው» የሚል አለ። መዳፉን ሲበላው «ገንዘብ ላገኝ ነው» የሚል አለ። «በማታ ቤት አይጠረግም፣ በረከት ይወጣል» የሚሉ እናቶች አሉ። «በማታ አታፏጭ፣ እባብ ትጠራለህ» ተብሎ ያልተቆጡት ልጅ ማን ነው? ልጅ ጥርሱ ሲነቀል ወደ ጣራ ይወረውራል። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» እንለዋለን። ቆንጆ ሕፃን ስናይ «እንትፍ እንትፍ» እንላለን።

በአውድማም ልማድ አለ። ጫማውን አውልቆ ወደ አውድማ የሚገባ ገበሬ አለ። እህሉ ሳይሰፈር «ይህን ያህል ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። መንገደኛም ሲያልፍ ምርቱን መርቆ ያልፋል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ 13 ቁጥርን የሚፈሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ትልልቅ ሕንፃዎች 12ኛ ፎቅ ካሉ በኋላ 14ኛ ብለው ይቆጥራሉ። በጃፓንና በቻይና ደግሞ የሚፈራው 4 ቁጥር ነው። በቋንቋቸው የ4 ስም «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነው። እኛ ግን በዓመት 13 ወር አለን። ጳጉሜንም በመጣች ቁጥር በደኅና ትሄዳለች።

ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?

ማሊኖቭስኪ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ምሁር ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ከኒው ጊኒ አጠገብ ባሉ የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከሕዝቡ ጋር ኖሮ አኗኗራቸውን አጠና። የደሴቶቹ ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱት በሁለት ቦታ ነበር። አንዱ በዳር ያለው ጸጥተኛ ውኃ ነው። በዚያ አደጋ የለም፤ ዓሣውም አይታጣም። ሁለተኛው ሰፊው ባሕር ነው። በዚያ ማዕበል አለ፤ ታንኳ ይገለበጣል፤ ባዶ እጅ መመለስም አለ።

ምሁሩ ምን አየ? በጸጥተኛው ውኃ ሰዎቹ ያለ ምንም ድግምት ያጠምዱ ነበር። ወደ ሰፊው ባሕር ሲሄዱ ግን ብዙ ሥርዓት ያደርጉ ነበር። እውቀታቸውና ክንዳቸው በሚበቃበት ቦታ በእውቀታቸው ይተማመናሉ። ፍርሃት ባለበት ቦታ ልብን የሚያጸና ነገር ይፈልጋሉ።

እኛስ? በሬ ስንጠምድ ገድ አናይም። ቀንበሩን እናውቀዋለን፤ ሞፈሩንም እናውቀዋለን። ገብስ ከዘራን በኋላ ግን ዝናቡ በእጃችን አይደለም። የዋግ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ እንዴት እንደተጎዳ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ሰማዩን እያየ ሐምሌን የጠበቀ ሰው ምልክት ቢፈልግ አይፈረድበትም። መጨነቅ ሞኝነት አይደለም።

የእርግቦቹ ነገር

ሌላም ምክንያት አለ። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 የጻፈው አንድ ሙከራ አለ። ስምንት የተራቡ እርግቦችን ለየብቻ በሳጥን አስገባ። በየተወሰነ ሰከንድ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። እርግቧ ብትዘልም ብትቆምም ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከስምንቱ ስድስቱ አዲስ ልማድ አወጡ። አንዷ ክብ እየዞረች ትጠብቃለች። ሌላዋ ራሷን ወደ ሳጥኑ ማዕዘን ትወረውራለች። መጀመሪያ ምግቡ ሲመጣ በአጋጣሚ ያደርጉት የነበረውን ነገር ደጋገሙት። ምግቡን ያመጣው መዞራቸው የሆነ ይመስል ነበር።

እኛም አንዳንድ ጊዜ እንደ እርግቧ ነን። ግራ እግራችንን የመታን ቀን በጉ በርካሽ ተሸጠ እንበል። ያን ቀን አንረሳውም። ግራ እግራችንን መቶን ገበያው የቀናበትን ቀን ግን ማን ያስታውሰዋል?

አንድ ሌላ ምሳሌ እንይ። «ወባ የሚያሲዘው የበቆሎ እሸት ነው» የሚሉ ሰዎች በአገራችን ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ለምን እንዲህ አሉ? እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ወባም የሚበረታው ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ነገር ግን እሸቱ ጥፋት የለበትም። በክረምት የተጠራቀመው ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ ናት። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ሕንድ አገር ውስጥ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው አይባልም። እሸት የተወ ሰው በትንኝ ከመነከስ አይድንም። አጎበር የዘረጋ ሰው ግን ራሱን ይጠብቃል።

ልብን የሚያሳርፍ ልማድ

ታዲያ ልማድን ሁሉ እንጣለው? አይደለም።

ቡናችንን እንይ። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። «በረካውን ሳትጠጡ አትሂዱ» እንባላለን። ሦስተኛው ስኒ ቀጭን ነው፤ ውኃ ውኃ ይላል። ነገር ግን ሰውን አንድ ጊዜ ጨምሮ ያስቀምጣል። ያዘነች ጎረቤት የሆዷን የምታወጣው ብዙ ጊዜ በበረካው ላይ ነው። ሽማግሌ የሚመርቀውም ያኔ ነው።

ሻደይንም እንይ። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር በወገባቸው አስረው ይጨፍራሉ። ሣሩ የሁሉንም ልብ ያለመልማል።

በቤትም ትንንሽ ልማዶች አሉ። እናት ሊጡን ስታቦካ ታማትባለች። አባት ልጁ መንገድ ሲወጣ ግንባሩን ይስማል። አንዳንዱ ሰው ሁልጊዜ የሚይዘው አንድ በትር አለው። ያን በትር ካልያዘ መንገድ የወጣ አይመስለውም። ይህ ማንን ይጎዳል? ማንንም። ሰው የለመደውን ትንሽ ነገር ሲያደርግ ልቡ ይረጋጋል። ልቡ የተረጋጋ ሰው ደግሞ ሥራውን በደንብ ይሠራል።

ልማድ ሲጎዳ

የሚጎዳ ልማድ ግን አለ። ሦስቱን እንይ።

አንደኛው የሚጥል በሽታ ነው። ሰው ሲወድቅና ሲንፈራገጥ «አትንኩት፣ ይጋባል» ይባላል። ክብሪት ጭሮ የሚያሸትተውም አለ። በሽታው የአንጎል ሕመም ነው። በትንፋሽም በምራቅም አይጋባም። ሰው «ይጋባብኛል» ብሎ ሲሸሽ የወደቀው ሰው ምድጃ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ክብሪቱም አያድነውም። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት። በጎኑ አስተኙት። በአፉ ምንም አትጨምሩ። እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። በየቀኑ ሳያቋርጡ ሲወስዱት ብዙ ሰዎች መውደቁ ይተዋቸዋል።

ሁለተኛው የታመመ ልጅን ቤት ማቆየት ነው። ልጅ ሲያተኩሰው «ዓይን በልቶት ነው» ተብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ክታብ ይታሰርለታል፤ ይታጠንለታል። ከቆላ የተመለሰ ጎልማሳ ሲያንቀጠቅጠውም «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። የዳማከሴው ሽታ ደስ ይላል፤ የእናት እጅም ያጽናናል። ነገር ግን ወባ ከሆነ ቀን አይሰጥም፤ ሕፃንን በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጤና ኬላ እንሂድ። ጸሎቱም ምርቃቱም በመንገድ ላይ ይቻላል።

ሦስተኛው ጎረቤትን መክሰስ ነው። ልጅ ሲታመም ወይም ላም ወተቷ ሲደርቅ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጣትም ወደ አንጥረኛው ወይም ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ይጠቆማል። ማረሻችንን የሚሠራልን ማን ነው? ምጣዱንና እንስራውንስ? ዐፄ ምኒልክ በዘመናቸው ባለሙያን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ዛሬም ግን በእጇ ሙያ ምክንያት ለቡና የማትጠራ ሴት አለች። ልጇንም የሚያገባው ሰው ይታጣል። የእኛን ፍርሃት እሷ እንድትሸከም ማድረግ ግፍ ነው።

በምን እንመዝነው?

ልማድን በሦስት ጥያቄ እንመዝን።

አንድ፦ ሥራዬን ያስተወኛል ወይስ ያበረታኛል?

ሁለት፦ በሐኪም ወይም በመድኃኒት ቦታ ይገባል ወይስ ከጎኑ ይቆማል?

ሦስት፦ ሌላ ሰው ያዝንበታል ወይስ ማንም አይጎዳበትም?

አበርትቶን ማንንም ካልጎዳ ይቆይ። እጃችንን ካሰረ፣ ከሐኪም ካዘገየ፣ ጎረቤትንም ካስለቀሰ ይቅር።

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ሚስቱ «ሂድ ዝም ብለህ» ብላ አልተቆጣችውም። «ገድህ ስለከፋ ቅር» ብላም አላስቀረችው። ጥቂት አሳረፈችው። ከዚያ መንገዱን አስጀመረችው። ወንበሩና ቀኝ እግሩ ዋጋውን አላወጡለትም። ልቡን ግን መለሱለት። በጉን የሸጠው ገበያ ስለወጣ ነው። ቤቱ ቢቀር ኖሮ በጉም እዚያው፣ ደብተሩም ሳይገዛ ይቀር ነበር።

ማታ ሲመለስ ልጅቱን በዚያው መንገድ አገኛት። አሁን እንስራዋ ሙሉ ነበር።

«አያ፣ ገበያው ቀና?» አለችው።

«ተመስገን፣ ቀንቷል። እንዲያው ጠዋት ባዶ እንስራሽን አይቼ ልመለስ ነበር።»

ልጅቱ ሳቀች። «ባዶውን ባልወስደው ይኸ ከየት ይሞላ ነበር?» አለችው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ልብ የሚያሳርፍ ምን ልማድ አለ? ከማን ተማራችሁት?

2. «አብሮ መጣ» እና «አመጣው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከራሳችሁ መንደር ምሳሌ ስጡ።

3. በጎረቤታችሁ ሰው በድንገት ቢወድቅና ቢንፈራገጥ ምን ታደርጋላችሁ? በቅደም ተከተል ተናገሩ።

4. በመንደራችሁ በሙያቸው ምክንያት የሚገለሉ ሰዎች አሉ? በሚቀጥለው ቡና ማንን ትጠራላችሁ?