የአደራ ገንዘብና የሒሳብ ደብተር

ባለፉት ትምህርቶቻችን ፊደል ቆጥረናል፤ ቁጥር ጽፈናል፤ መደመርና መቀነስም ተለማምደናል። ዛሬ ይህ ዕውቀት ቤት ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንመለከታለን። የምንነጋገረው በአሜሪካ አገር ለምትኖሩና የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለበት ዘመዳችሁ የመንግሥት አበል ለምትቀበሉ ወገኖች ነው። እርሳስና ወረቀት አቅርቡ።

የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው አበሉን ራሱ ማስተዳደር እንደማይችል ሲያምንበት፣ በሱ ፈንታ የሚቀበል ሰው ይሾማል። ይህ ሰው ተወካይ ተቀባይ፣ በእንግሊዝኛው «ሬፕረዘንታቲቭ ፔዪ» ይባላል። ልብ በሉ! የተፈረመና የተመሰከረ ውክልና በእጃችሁ ቢኖርም፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ካልሾማችሁ አበሉን ልታስተዳድሩ አትችሉም።

እንግዲህ አንዲት እኅት የታመመ ወንድሟን ይዛ ትኖራለች እንበል። በየወሩ የሚመጣለትን አበል ከራሷ ደመወዝ ጋር ባንድ የባንክ ሒሳብ ታስቀምጣለች። ታበላዋለች፤ ታለብሰዋለች፤ ሐኪም ቤት ታመላልሰዋለች። አንዲት ሳንቲም አልነካችበትም። በዓመቱ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ይመጣል። ለምግብና ለቤት ስንት ዋለ? ለልብስ፣ ለሕክምና፣ ለመዝናኛና ለግል ጉዳዩ ስንት ወጣ? ስንትስ ተቀመጠለት? ይላል። እኅታችን ምን ትመልስ? ልቧ ንጹሕ ነው፤ የሚመሰክርላት ወረቀት ግን የለም። አበሉ ያላግባብ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ ከኪስ መመለስ ይመጣል። ሆነ ብሎ ያደረገው ሰው እስከ መታሰር ይደርሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ገንዘቡን ለዩት። የባንኩ ሒሳብ፣ ባለገንዘቡ ወንድማችሁ፣ እናንተ ደግሞ ተወካይ መሆናችሁን የሚያሳይ ይሁን። ከዚያ ላይ ለራሳችሁ መበደር፣ ዕቁብ መጣል፣ «ነገ እመልሰዋለሁ» ማለት የለም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ምግቡና መኖሪያው፣ ከዚያ ሕክምናው፣ ልብሱና ደስ የሚያሰኘው ነገር። የተረፈው ይቀመጥለት። ምን እንደሚፈልግም እሱኑ ጠይቁት፤ ቢታመምም ገንዘቡ የሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ጻፉት። ለምሳሌ በወሩ 900 ዶላር ገባ እንበል። ለቤትና ለምግብ ድርሻው 610፣ ለመድኃኒት 45፣ ለጫማ 60፣ ለስልክና ለፀጉር ማስተካከያ 85 ወጣ። ደምሩት፤ 800 ይሆናል። ከ900 ላይ ቀንሱ፤ 100 ተቀመጠ። በያንዳንዱ መሥመር ላይ ቀኑን ጻፉበት። ደረሰኙን ባንድ ፖስታ አጠራቅሙ። ደብተሩንም ደረሰኙንም ቢያንስ ለ2 ዓመት አትጣሉ።

አራተኛ፣ የተቀመጠውን ተከታተሉ። ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን አበል የሚቀበል አንድ ሰው የሚቆጠርበት ሀብት ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። 100ን በ20 አባዙ፤ በ20 ወር እዚያው ድረስ ይደርሳል። ካለፈ የወሩ አበል ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለሚያስፈልገው ነገር አውሉለት።

አምስተኛ፣ ለውጥ ሲኖር አሳውቁ። ቤት ቢለውጥ፣ ሥራ ቢጀምር፣ ከአሜሪካ ውጭ ቢሄድ ወይም ቢሞት፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይውል ሳያድር ይስማ።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ ማን ይጠይቀኛል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አብሯቸው ለሚኖር ልጅ የሚቀበሉ ወላጆችና ለትዳር ጓደኛቸው የሚቀበሉ ሰዎች ዓመታዊውን ቅጽ ከመሙላት ነፃ ናቸው። መዝገብ ከመያዝ ግን ነፃ አይደሉም። መሥሪያ ቤቱ በማናቸውም ጊዜ «አሳዩኝ» ሊል ይችላል።

ዘመድ ለዘመዱ ሒሳብ ሲጽፍ ያለመተማመን የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ደብተሩ የታመመውን ሰው መብት ይጠብቃል፤ የአስታማሚውንም ስም ያስከብራል። አደራ ጥብቅ ነው ይባል የለ? አባቶችም በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ዛሬ ማታ ደብተሩን ክፈቱና የዚህን ወር የመጀመሪያ መሥመር ጻፉ።