የግንባታ ተማሪዎች የስጋት ሥራ አመራርን በዋጃ ሜዳ እንዴት ይማሩ?

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት መንገድ ዋጃን አቋርጦ ያልፋል። በሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ፣ ከምዕራብ ተራሮች የሚነሣው የክረምት ጎርፍ ደለልና ድንጋይ ተሸክሞ ሊደርስ ይችላል። አርሶ አደሩም ይህንኑ ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል።

ስጋትን መምራት ማለት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊደርስ የሚችለውን አስቀድሞ መለየት፣ የመድረስ ዕድሉንና የሚያስከትለውን ጉዳት መመዘን፣ ለእያንዳንዱም ኃላፊ መመደብ ነው። ስለዚህ የውሃ መጥለፊያ እንዲነድፍ የታዘዘ ተማሪ ከሲሚንቶ ዋጋ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ደለሉ መግቢያውን ቢደፍነው ማን ይጠርጋል? መሠረቱ ከሐምሌ በፊት ይጠናቀቃል? መንገዱ በጎርፍ ቢቆረጥ ብረቱ በየት በኩል ይገባል? «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ የሚወሰደው እርምጃ፣ ጊዜውና ኃላፊው በስጋት መዝገቡ መሥፈር አለባቸው። የጎርፉን የቀድሞ መንገድ ለማወቅም የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ከካርታው እኩል ሊታይ ይገባል።

የሠራተኛ ደኅንነትም የመዝገቡ አካል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ስላደረገ፣ ወጪው ከመነሻው በበጀት ይያዛል።

ቤት የሚያሠሩ ዜጎችም ውል ከመፈረማቸው በፊት የሥራ ተቋራጩን እነዚህኑ ጥያቄዎች ሊጠይቁት ይችላሉ።